በአደባባይ የጻፍኩትን በጓዳ አጠፋሁት

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ሰፈሩን ሲጠብቅ ያመሸን ሰው «አጥቂ ነው» ብዬ ከአንድ ቪዲዮ ጋር በፌስቡክ ጻፍኩ። ስሙን አልጠራሁም። ነገር ግን ፊቱ በቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የቆመበትን መንገድ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ደግሞ ከቪዲዮው በላይ አንድ የፖለቲካ ስም ለጥፌበታለሁ። ይህ ስም ከመጥራት አይተናነስም። የጻፍኩት ሐሰት መሆኑን ያወቅኩ ቀን ለማንም ሳልናገር አጠፋሁት። ሁለቱም ጥፋት የእኔ ነው። የበለጠ የሚያሳፍረኝ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያውን የሠራሁት በድንጋጤና በንዴት መካከል ነበር፣ ሁለተኛውን ግን ተረጋግቼ፣ አስቤበት ነው።

የለጠፍኩበትን ስም እዚህ አልደግመውም። ከደገምኩት አንባቢ የሰውየውንም የእኔንም ወገን ለመገመት ይቸኩላል፤ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ወገኑ እንጂ ኑዛዜው አይሆንም። በዚያ ዘመን ከሁሉም አቅጣጫ ይወረወሩ ከነበሩት ስሞች አንዱ ነበር ማለት ይበቃል። አላወቅኩም ማለት ግን አልችልም። ለዓመታት ሬድዮ ላይ ሠርቻለሁ። ወሬ ከሁለት ወገን ሳይጣራ ዜና አይሆንም የሚለውን ለጀማሪዎች ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በፌስቡክ የሚከተለኝ ሰው የበዛውም «እሱ የሚጽፈው የተጣራ ነው» በሚል እምነት ነበር። ያን እምነት ነው መሣሪያ ያደረግኩት።

ያ ሳምንት እንዴት እንደ ጀመረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ጥቅምት 12 ሊነጋ እኩለ ሌሊት ላይ የፖለቲካ አክቲቪስቱ አቶ ጃዋር መሐመድ ጠባቂዎቻቸው ከቤታቸው እንዲነሱ መታዘዛቸውን በፌስቡክ ጻፉ። ሲነጋ በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች መንገድ ተዘጋ። ፌዴራል ፖሊስ በእሳቸው ላይ የተወሰደ እርምጃ የለም ብሎ ተናገረ፤ ቆሞ የሚያዳምጥ ግን ጥቂት ነበር። ተቃውሞ ሆኖ የጀመረው ነገር በየቦታው ወደ ብሔርና ወደ ሃይማኖት ግጭት ዞረ። በዚያው ሳምንት የኦሮሚያ ፖሊስ ኮሚሽነር ከፍያለው ተፈራ የሟቾች ቁጥር 67 መድረሱን ተናገሩ፤ ቆየት ብሎ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ 86 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቁ። አዳማም ልጆቿን ቀብራለች። በባቡር ሐዲድ ዳር የተቆረቆረች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በአንድ እድር ድንኳን የሚተክልባት ከተማ ናት። በዚያ ሳምንት ግን «አዳማ» ወይም «ናዝሬት» ብሎ መጥራት እንኳ «የማን ወገን ነህ?» ያስብል ነበር። ሱቅ ተዘጋ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ሰው በሩን ቆልፎ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። እኔም እንደዚያው።

ቪዲዮው የደረሰኝ በውስጥ መስመር፣ ከማላውቀው ሰው ነው። አጭር ነበር። ምሽት ላይ፣ በአንድ ቅያስ አፍ ላይ ዱላ የያዙ ወንዶች ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ እጁን አንሥቶ ይጮኻል። የሚለው አይሰማም። ከሥሩ «እነዚህ ናቸው፣ ለሕዝብ አድርስልን» የሚል ተጽፏል። ቅያሱን ወዲያው ለየሁት። አሁን ሳስበው ያጠፋኝ ይህ ነው፤ ቦታውን ማወቄ ነገሩንም ያወቅኩ አስመሰለኝ። በዚያ ሰፈር የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ስልክ ይሠራ ነበር። አንድ ደውዬ «ምንድን ነው?» ብል መልሱ ወዲያው ይነገረኝ ነበር። አልደወልኩም። እስክደውል ሌላ ሰው ይቀድመኛል የሚል ስጋት በልቤ እንደ ነበረ አልክድም፤ ይህን መናገር ከሁሉም በላይ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ያን ቀን ራሴን ለወገን የሚቆረቆር ሰው አድርጌ ነበር የማየው።

እውነቱ ይህ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ከአንድ እድር የተውጣጡ፣ ብሔራቸውም ሃይማኖታቸውም የተለያየ፣ ተራ ገብተው ቅያሱን ይጠብቁ ነበር። ሰውየው እጁን አንሥቶ የጮኸው ከሌላ ሰፈር የመጡ ጎረምሶችን «ተመለሱ፣ እዚህ የምትነኩት ቤት የለም» ሲል ነው። በዚያ ሌሊት ግቢው ውስጥ ያደሩት እኔ «ጠላታቸው ነው» ያልኩባቸው ጎረቤቶቹ ነበሩ።

ከጽሑፌ ሥር አስተያየት ከሰጡት መካከል አንድ ሰው ብቻ «እስኪጣራ ብንጠብቅ» አለ። ለእሱም ስም አወጣሁለት። አድር ባይ አልኩት፤ በደም ጊዜ ሚዛን የሚፈልግ ሰው ከገዳይ አይለይም ብዬ መለስኩለት። ምላሼ ብዙ ውዴታ አገኘ፣ ሰውየውም ዝም አለ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ትክክለኛውን ነገር የተናገረው እሱ ብቻ ነበር። ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ ይህን ካነበበ ይቅርታዬ ለእሱም ነው።

የፌስቡክ አሠራር በዚያ ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበር በኋላ ወጥቷል። ኩባንያው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቁጣና ለመሰል የስሜት ምልክቶች ከተራው «ወድጄዋለሁ» አምስት እጥፍ ክብደት ሰጥቶ ነበር፤ ሰው ይበልጥ በተቆጣበት ልክ ጽሑፉ ይበልጥ ሰው ዘንድ ይደርሳል። የቁጣው ክብደት ደረጃ በደረጃ ተቀንሶ ዜሮ የሆነው በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የቀድሞዋ የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትናገር የኢትዮጵያን ስም ከማያንማር ጋር አንሥታለች። ይህን ሁሉ ሳነብ ጥቂት እፎይታ ተሰምቶኝ ነበር፤ ጥፋቱን ለማሽኑ ላሸክመው ፈልጌ ነው። ግን ማሽኑ የሚያባዛው የተጻፈለትን ነው። ያን ዐረፍተ ነገር የጻፈው ማሽን አይደለም።

ደግሞ እኔ ማስጠንቀቂያ ያልደረሰው ሰው አልነበርኩም። ከዚያ በፊት በነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. እሑድ ሻሸመኔ ላይ የሆነውን አይቻለሁ። ከስደት የተመለሱትን አቶ ጃዋርን ለመቀበል እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ነበር። በሰልፉ መካከል አንድ መኪና ቦምብ ይዟል የሚል ወሬ ተነሣ። ሕዝቡ አንድ ሰው ይዞ ደብድቦ ገደለ፤ ገላውንም ዘቅዝቆ ሰቀለው። ቦምብ አልነበረም። በግፊያው ደግሞ ሌሎች ሦስት ሰዎች ሞቱ። የተሰቀለው ሰው ምስል በስልክ ተቀርጾ በሰዓታት ውስጥ አገር አዳረሰ። መጀመሪያ ሟቹ ሽብርተኛ ተባለ፤ ሐሰቱ ሲገለጥ ደግሞ የአንድ ከተማ ወጣት በጅምላ አውሬ ተባለ። እኔ ሁለተኛውን ከጻፉት አንዱ ነበርኩ። «ሳይጠይቁ የፈረዱ» ብዬ ረጅም ጽሑፍ አወጣሁ፤ የጻፍኩት ስለ ጥቂት ገዳዮች መሆኑ ቀርቶ ስለ ሻሸመኔ ሰው ሁሉ ሆነ። ያኔ እውነት ለሟቹ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። በዓመቱ በራሴ ከተማ፣ ማንም ሳይጮህብኝ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሻሸመኔ ላይ ያወገዝኩትን አደረግኩ፤ አንድ ሰው ሳልጠይቅ ፈረድኩበት።

በዚያው የ2010 ክረምት በሕንድ ልጅ ሰራቂዎች መጡ የሚል የዋትሳፕ ወሬ ብዙ ንጹሐን መንገደኞችን አስገድሎ ኩባንያው አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ለሚበልጡ ቻቶች ማስተላለፍ እንዳይቻል ገደብ አድርጎ ነበር። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በምዕራብ ጎጃም ለጥናት ወደ ትምህርት ቤት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ልጆችን ሊመርዙ ነው በሚል ወሬ በሕዝብ እጅ ተገድለዋል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፣ ሁለቱንም አዝኜባቸዋለሁ። ሐዘኔ እጄን አልያዘኝም።

ለምን አልያዘኝም? በዚህ ላይ ብዙ አስቤአለሁ። ስም ለጠፍክበት ማለት የመጠየቅ ግዴታ ከላይህ ወረደ ማለት ነው። አንድን ሰው «ጎረቤቴ» ካልከው «ምን ነካው?» ብለህ ትደውላለህ፤ በቡድን ስም ከጠራኸው የሚደወልለት ሰው አይኖርም። አባቶቻችን ይህን ከፍለውበታል። በቀይ ሽብር ዘመን «አናርኪስት» የተባለ ወጣት ምን እንዳደረገ የሚጠይቅለት አልነበረም፤ ስሙ ክሱም ፍርዱም ነበር። በኢሕአዴግ ዘመን «ጠባብ» እና «ትምክህተኛ» የሚሉት ስሞች በግምገማ ሰውን ከሥራውና ከወዳጁ ይለዩ ነበር። እነዚያን ስሞች ያወጡት መንግሥትና ፓርቲ ነበሩ። የእኛ ዘመን ልዩነቱ ይህን ሥልጣን በየስልኩ የያዝነው እኛ መሆናችን ነው። እኔ ማንም አላዘዘኝም፤ ደመወዝም አልተከፈለኝም።

እውነቱን ያወቅኩት ከተማው ከተረጋጋ በኋላ ነው። የዚያ ሰፈር ሰው የሆነች የማከብራት እናት መንገድ ላይ አስቁማኝ «ልጄ፣ ያን ሰውዬ ለምን እንዲህ አደረግኸው? ልጆቼን ያስጣለው እሱ እኮ ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ጽሑፉን አጠፋሁት። ያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነው፤ እርማት ብጽፍ ቪዲዮው እንደገና ይነሣል፣ ሰውየው ይበልጥ ይጋለጣል፣ ነገሩም እየበረደ ነው እያልኩ። እነዚህ ሁሉ ሽፋን ነበሩ። የፈራሁት «የሚጽፈው የተጣራ ነው» የሚባልልኝን ስም እንዳላጣ ነው። የእሱን ስም በሐሰት አጥፍቼ የራሴን በዝምታ አዳንኩ። ሌሎች ደግሞ ጽሑፌን ቀድመው አጋርተውታል፣ ፎቶ አንሥተው አስቀምጠውታል፤ እኔ ዘንድ የጠፋው እነሱ ዘንድ ቀረ። መጥፋቱ ራሱ «አስፈራርተው አስጠፉት» ተብሎ ለሐሰቱ ማስረጃ ሆነ። ዝም ብሎ ማጥፋት ሐሰቱን አያነሣውም፤ ባለቤት ብቻ ነው የሚያሳጣው።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽ ላይ የሚፈጸም ጥፋት ቅጣቱ ይከብዳል ይላል። የእኔ ጥፋት ከአዋጁ በፊት በመሆኑ ሕግ አይደርስብኝም ብዬ ነበር ሳነበው መጀመሪያ ያሰብኩት። ሰውየው ምን ላይ እንዳለ ለመጠየቅ ያኔም አላሰብኩም።

ሰውየው ጋራዥ ነበረው፤ በዚያ ጊዜ እየዘጋው ነበር። ደንበኞቹ ቀርተዋል፤ አንዳንዱ ስሙን አምኖ፣ አንዳንዱ ከእሱ ጋር መታየትን ፈርቶ። የማያውቃቸው ሰዎች ቤቱን እየጠየቁ ይመጡ ነበር። ልጁን ትምህርት ቤት ውስጥ በዚያ ስም ይጠሯት ነበር። ለዓመታት የኖረበትን እድር ተሰናብቶ ወደ መቂ ሄደ፤ እዚያ ዘመድ አለው፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ በሚጭኑት ነጋዴዎች ዘንድ ሥራ አገኘ። ሞተር የሚፈታና የሚገጥም ሰው ሣጥን ቆጣሪ ሆነ።

በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት ወዲያው ተዘጋ፤ ሳምንታትም ቆየ። ሆኖም ሻሸመኔ ነደደች፣ ባቱ ነደደች፣ አርሲ ነገሌና ዴራ ሰው ሞተ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በምርመራው ቢያንስ 123 ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል፤ በቤታቸው ደጃፍ ተለይተው የተጠቁ እንዳሉ ሁሉ ከልክ ባለፈ ኃይል በጸጥታ ኃይሎች የተገደሉም ብዙዎች መሆናቸውን አስፍሯል። ያን ጊዜ ፌስቡክ አይከፈትም ነበር፤ ማንም «እዚህ ቤት ግቡ» ብሎ ሊለጥፍ አይችልም ነበር። ግን ለወራት የተጻፈው ስም በሰው አፍ ላይ አድሯል፤ መስመር ቢቆረጥም ይሠራ ነበር። ከሞቱት አንዱንም እኔ አስገደልኩ አልልም፣ የማውቀው ነገር የለኝም። ያን አፍ ካለማመዱት ጸሐፊዎች አንዱ መሆኔን ግን አውቃለሁ።

ለዓመታት በዚህ ዝምታ ኖሬአለሁ። የነቀነቀኝ የባሕር ዳሩ የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጉዳይ ነው። የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 መጀመሪያ ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸውና የሚኖሩበት ሰፈር የፖለቲካ ስም ተለጥፎባቸው በፌስቡክ ወጣ። ጥቅምት 24 ቀን ከሥራ ሲመለሱ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከሰሰ፤ በመጋቢት 2017 የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ውሳኔውን ሳነብ የተጠቀሱት ዝርዝሮች የእኔ ይመስሉ ነበር፤ ፊት፣ ሰፈር፣ ስም። ልዩነቱ የእኔው ሰው በሕይወት መኖሩ ነው፤ ያንንም ያደረግኩት እኔ አይደለሁም። በዚያ ክስ ተከሳሹ ኩባንያው ነው፤ ይገባዋልም። ጽሑፎቹን የጻፉትን እጆች ግን ማን ጠየቃቸው? የእኔን ጽሑፍ የጻፈው እጅ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሁለት የአዳማ አባቶችና አንዲት እናት፣ ያቺው መንገድ ላይ ያስቆመችኝ፣ ከእኔ ጋር መቂ ድረስ መጡ። ጃርሱማ በሚባለው የኦሮሞ ሽምግልና ወግ በዳይ ጥፋቱን በሽማግሌዎች ፊት በራሱ አንደበት መናገር አለበት፤ «ከበደልኩ ይቅርታ» አይሠራም። ስለዚህ አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ቪዲዮው እንዴት እንደ ደረሰኝ፣ እንዳልደወልኩ፣ የጻፍኩትን ስም፣ ማጥፋቴን፣ ለምን እንዳጠፋሁትም። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፦

«የሰደብከኝ እዚህ ቤት ውስጥ አይደለም፤ እኔ የማላውቀው ሰው ሁሉ ፊት ነው። ለእኔማ አሁን ነገርከኝ። ግን በዚያ ስም የጠሩኝን ሰዎች ሁሉ ቤት እየዞርኩ ማስረዳት አልችልም። በጻፍክበት ጻፈው» አለኝ።

«እጽፋለሁ፣ ጋሼ። ስምዎን ልጥቀስ?»

«አትጥቀስ። ባንተ ስም ብቻ ይሁን። የእኔ ስም አንድ ጊዜ ሳልጠየቅ ዞሯል፣ ይበቃዋል።»

ታረቅን ለማለት አልደፍርም። ሽማግሌዎቹ መርቀው አስነሡን፣ እሱም እጄን ጨበጠኝ፤ ቀሪው ይህን ከጻፍኩ በኋላ ይታያል ብሎኛል። ወደ አዳማ እንዲመለስ ጠይቄው ነበር፤ አልመለስም አለ። ልጁ በመቂ ትምህርት ቤት ደኅና ናት፣ እዚያ ማንም በዚያ ስም አይጠራትም።

እንግዲህ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ያን ጽሑፍ ያነበባችሁ፣ ያጋራችሁ፣ በስልካችሁ ያስቀመጣችሁ ሁሉ ስሙኝ፤ ሐሰት ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አስፈራርቶ አላስጠፋኝም፤ ያጠፋሁት እውነቱን ስላወቅኩና ለመናገር ስለ ፈራሁ ነው። ሰውየው ሰፈሩን ይጠብቅ ነበር፣ ጎረቤቶቹንም አድኗል። ያጋራችሁበት ቦታ አሁንም ካለ አታጥፉት፤ ከሥሩ ይህን ጻፉበት፣ ለላካችሁላቸውም ይህን ላኩላቸው።